ሊቀ ጠብታ ቡታ ሴድሪክ

ተጎታች ቤት፣ ካራቫን የሚሉትን፣ ለመግዛት ያሰበ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ። ከጎማው፣ ከታጣፊው አልጋና ከትንሿ ምድጃ ጋር አንድ ሽማግሌ አብሮ ይመጣል። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም። ካራቫናችሁን ጎትታችሁ የትኛውም የባሕር ዳር ሰፈር ብታቆሙ፣ ገና የመኪናችሁን ሞተር ሳታጠፉ፣ ሽማግሌው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ሽቅብ ያያል። የሚያየው ጣሪያችሁን ነው። እናንተን ለማየት ጊዜ የለውም፤ እናንተ ውሃ አታፈስሱማ!

ይህ ሰው የሌለበት የካራቫን ሰፈር በምድር ላይ የለም ብዬ ብምል አልፈራም። የእኛው፣ የብላውክሊፑ፣ ቡታ ሴድሪክ ፎርቱይን ይባላሉ። እኛ የኬፕ ሰዎች በዕድሜ የሚበልጠንን ወንድ ሁሉ «ቡታ» ነው የምንለው። እኔ ግን በልቤ ሌላ ማዕረግ ሰጥቻቸዋለሁ። የሌላው ሙያ ሊቅ ሊቀ ጠበብት ከተባለ፣ እሳቸው ሊቀ ጠብታ ናቸው። አንዲት የዝናብ ጠብታ ጣሪያ ላይ ካረፈች በኋላ በየት ሾልካ፣ በየት ታጥፋ፣ የማን ትራስ ላይ እንደምትወድቅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም። እሳቸው ናቸው፣ በየቀኑ።

ባለቤቴ ክላይቭ ጡረታ ሲወጣ «ከእንግዲህ ባሕር እያየሁ ነው የማረጀው፣ ሬጂና» አለ። ፈገግታ ከፊቱ ከማይጠፋ አንድ ሰውዬ ቅቤ የመሰለ አሮጌ ካራቫን ገዛን። ውስጡ የአበባ ሽቶ ይሸታል። እኔማ «እንዴት ያለ ንጹሕ ሰው ነው!» ብዬ ሻጩን መርቄው ነበር።

ብላውክሊፕ ደርሰን ክላይቭ ካራቫኑን ከመኪናው ሲፈታ ቡታ ሴድሪክ ከተፍ አሉ። ቁምጣ ለብሰዋል፣ ካልሲያቸው እስከ ጉልበት ተስቧል፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ካቻቢቴ ተሰክቷል። እንደምን ዋላችሁ የለ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ የለ። በሩ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ ላኩት። ገላቸው ውጭ ቀርቶ አፍንጫቸው ብቻውን ቤቱን ዞሮ የተመለሰ ነው የመሰለኝ።

«ሽቶ» አሉ።

«አዎ! ደስ አይልም?» አልኩ።

«ሽቶ የተቀባ ካራቫን የሚደብቀው ነገር አለው።»

ሳይፈቀድላቸው ገቡ። ከፊት መስኮቱ ሥር አበባ የታተመበት ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አንዷ ጽጌረዳ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ጫን አሉት። ጣቱ ገባ። እስከ ሥሩ ገባ። ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ኮምፔንሳቶ ሻይ ውስጥ ተረስቶ እንደ ቆየ ብስኩት ሆኗል።

«ግድግዳዬን በሱብኝ!» ብሎ ክላይቭ ጮኸ።

«እኔ አልበሳሁም ልጄ። የበሳው ውሃ ነው። እኔ አንኳኳሁ፣ እሱ ከፈተልኝ።»

ቀጥለው ፍራሹን አነሡት። ከሥሩ ጥቁር፣ አረንጓዴና ግራጫ ሻጋታ ተደላድሎ ተኝቷል። ጥጉ ላይ ያለውማ ጢም አብቅሏል። ቡታ ሴድሪክ ፊታቸው በራ። ዘመድ ያገኙ ነው የሚመስሉት።

«ተከራይ አላችሁ» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው የሰፈሩ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቃትን ንግግር አሰሙን። «ሰው ይዋሻል፣ ሻጭ ይዋሻል፣ ሽቶ ይዋሻል። ውሃ አይዋሽም!»

እኔም ግድግዳው ላይ ያለውን እድፍ አሳይቼ «እንግዲያው የሚገባው በዚህ ነዋ» አልኩ።

እንደ ሕፃን አዩኝ። «እዚህ ታየ ማለት እዚህ ገባ ማለት አይደለም፣ ልጄ። ከኋላ ጣሪያ ገብቶ፣ በእንጨቱ ውስጥ ተጉዞ፣ ፊት ለፊት ብቅ ይላል።»

«ታዲያ ይሄ መዋሸት አይደለም?»

ትንሽ አሰቡ። «ዝም ይላል እንጂ አይዋሽም።»

እንዲህ ሆነን ተዋወቅን። ከዚያ በኋላ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጠዋት የምሰማው የመጀመሪያው ድምፅ የወፍ አይደለም። ቡታ ሴድሪክ ግድግዳችንን ከውጭ ሲያንኳኩ ነው። ካራቫኑን እንደ ሐኪም ጆሯቸውን ለጥፈው ያዳምጡታል። እኛ ፒጃማችንን ሳንለውጥ እሳቸው «ሳል አለው» ብለው ይሄዳሉ።

እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጣሪያ ማን እንዳስተማራቸው አይታወቅም። አንድ ጊዜ የጎረቤታችን የቀብር ጸሎት ላይ ፓስተሩ «ወገኖቼ፣ ዓይናችንን ወደ ላይ እናንሣ» ሲል ሁላችንም በአክብሮት ጎንበስ አልን። ቀና ያሉት ቡታ ሴድሪክ ብቻ ነበሩ። ከጸሎቱ በኋላ ሐዘንተኞቹ ተሰልፈው የሟችን ቤተሰብ ሲያጽናኑ እሳቸው ፓስተሩን ክንዱን ይዘው «ከኦርጋኑ በላይ ያለውን ቡናማ ነገር አይተኸዋል?» ይሉታል።

የቤታቸው ተቃዋሚ አንቲ ሙሪየል ናቸው፣ ሚስታቸው። በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ጠብ ሃይማኖታዊ ነው ማለት ይቻላል። ቡታ ሴድሪክ የኮምጣጤ ወገን፣ አንቲ ሙሪየል የበረኪና ወገን ናቸው።

«በረኪና የሻጋታውን ፊት ነው የሚያጥበው!» ይላሉ ቡታ ሴድሪክ። «ታጥቦ፣ ነጥቶ፣ አምሮበት ተመልሶ ይመጣል። ኮምጣጤ ግን እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ሥሩን ይይዘዋል። ትቀቢዋለሽ፣ ትተዪዋለሽ፣ ከዚያ ትጠርጊዋለሽ። መስኮት ትከፍቻለሽ። ፍራሹን ታቆሚዋለሽ።»

«እሱን ብትሰሚ ቤትሽ ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል» ይላሉ አንቲ ሙሪየል።

የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ፈሳሾች አንድ ባልዲ ውስጥ እንዳይገናኙ። የሚወጣው ጭስ ሰው ይገድላል። «እንደ እኛ» ይላሉ አንቲ ሙሪየል፣ «ለየብቻ ደህና ነን።»

እኛ የኮምጣጤውን መንገድ ያዝን። ሻጋታው እውነትም ሄደ። ውሃው ግን መግባቱን አልተወም። ክላይቭ ጣሪያው ላይ በጎማ ውሃ እያፈሰሰ ቡታ ሴድሪክ ውስጥ ባትሪ ይዘው ተጋድመው ጠበቁ። ጠብታዋ ቀጥታ አንገትጌያቸው ውስጥ ገባች። የደስታ ጩኸታቸው እስከ ባሕሩ ተሰማ። ግን ከየት እንደ ገባች አልታወቀም። በዚህ ጊዜ ነው ያ የነፋስ ምርመራ የሚባለው ጉድ የመጣው።

ሐሳቡ ጤነኛ ነበር። ካራቫኑን መዝጋት፣ ውስጡን አየር መሙላት፣ ውጭውን በሳሙና አረፋ መቀባት። ቀዳዳ ባለበት ሁሉ አረፋው ይነፋል። ቡታ ሴድሪክ የሰፈሩን የቅጠል መንፊያ፣ የረገፈ ቅጠል በነፋስ የሚጠርገውን ማሽን፣ ተዋሱ። ቱቦውን በአንዱ መስኮት አስገብተው ዙሪያውን በብርድ ልብስና በናስትሮ አሸጉት። ክላይቭ በስፖንጅ ሳሙና ቀባ። ማሽኑ ተነሣ። ሰው ተሰበሰበ።

በእውነት ሠራ! በየስፌቱ፣ በየጥጉ አረፋ ጉብ ጉብ አለ። ካራቫናችን ገላውን ሲታጠብ የተያዘ ሰው መሰለ። ቡታ ሴድሪክ በየአረፋው ሥር በጠመኔ ምልክት እያደረጉ ይዘላሉ።

«ቡታ ሴድሪክ፣ አሁን አይበቃም?» አልኩ፤ ግድግዳው ሆዱን መንፋት ጀምሯል።

«ትንሽ ብቻ ይጨመር!»

ተጨመረ። «ቧ!» የሚል ድምፅ ሰማን። የጣሪያ መስኮታችን ክዳን ተነቅሎ ወደ ሰማይ ወጣ። እንደ ሳህን እየተሽከረከረ በሦስት ካራቫን ላይ አልፎ የሰፈሩ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ላቴጋን እንግዶቻቸውን ሰብስበው ቋሊማ የሚጠብሱበት ከሰል ላይ አረፈ። ቋሊማው አሸዋ ውስጥ ተበተነ። ሚስተር ላቴጋን መቆንጠጫውን እንደ ያዙ ቀሩ።

 ቡታ ሴድሪክ ወደ እኔ ዞረው በዝግታ «አየሽ? ደካማው እሱ ነበር» አሉኝ።

ፍርዱ በዚያው ተሰጠ። «ቡታ ፎርቱይን፣ ከዛሬ ጀምሮ እጅዎ የሌላ ሰው ካራቫን ላይ ቢያርፍ ቦታዎን ይለቃሉ» አሉ ሚስተር ላቴጋን። ቀልድ አልነበረም። ቡታ ሴድሪክና አንቲ ሙሪየል ሌላ ቤት የላቸውም። እኔም በንዴቴ «እሰይ፣ ተገላገልኩ» ብያለሁ። ክላይቭ አዲስ ክዳን ገዝቶ ራሱ ገጠመው። ማሸጊያውን ሲሊኮን እንደ ኬክ ክሬም አድርጎ ዙሪያውን አስጌጠው። ቡታ ሴድሪክ ከመንገዱ ማዶ በካራቫናቸው ፊት በተተከለው ድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተው፣ አዩት።  እንደዚያ ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ፋሲካ መጣ።

ልጃችን ሉሲንዳ ልታገባ ነው። የእጮኛዋ የግሬሰን እናት ሚስስ ኦሊፋንት የስቅለት ዕለት ምሳ ልትበላና ልትተዋወቀን ትመጣለች። ሉሲንዳ ሳምንቱን ሙሉ ስልክ ስትደውል ነው የሰነበተችው። «ማሚ፣ የእሷ ቤት ወለል ላይ ምግብ ቢቀርብ ይበላል። ማሚ፣ እባክሽ ስለ ሻጋታ እንዳታወሪ። ማሚ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እንዳይሸት!»

በኮምጣጤው በኩል እግዚአብሔር ረድቶኛል። የስቅለት ዕለት እኛ ጋ በኮምጣጤና በካሪ የተዘፈዘፈ ዓሣ ነው የሚበላው። ግድግዳው ይሽተት ዓሣው ይሽተት የሚለይ የለም።

ሚስስ ኦሊፋንት ሐምራዊ ባርኔጣ ደፍታ ከግሬሰን ጋር መጣች። ቀጥ ያለች፣ ረጅም፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ናት። ካራቫኑ ውስጥ ስትቀመጥ ባርኔጣዋ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ወሬው ተጎተተ። ስለ መንገዱ ጠየቅናት፤ «ደህና ነው» አለች። ስለ ዓሣው ጠየቅናት፤ «ደህና ነው» አለች። ሉሲንዳ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨምቃ ይዛዋለች።

ሚስስ ኦሊፋንት አፏን ጠራርጋ «እንግዲህ ስለ ልጆቹ እንነጋገር» አለች።

ጠብ።

ባርኔጣው ላይ ነው። ሁላችንም ሰማን። ሁላችንም እንዳልሰማን ሆንን።

«እኔ ልጄን ያሳደግሁት...»

ጠብ። ጠብ።

ክላይቭ ክዳኑን ቀና ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። የእሱ ሥራ ነው፤ የእሱ ክሬም። እኔ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። መስኮቱን ከፈትኩና ጮኽኩ፦ «ቡታ ሴድሪክ!»

ከመንገዱ ማዶ አስቀድመው ቆመዋል። «ተከልክያለሁ፣ ሬጂና!»

«እባክዎ! ውሃው የልጄን ጋብቻ በላብኝ!»

«እጄን ካሳረፍሁ ቦታዬን ነው የማጣው!»

የአንቲ ሙሪየል ድምፅ ከድንኳኑ ውስጥ መጣ። «የተከለከለው እጅህ ነው! አፍህን የከለከለህ የለም፤ ማን ችሎት!»

እንዲህ ሆነው መጡ። ቡታ ሴድሪክ ሁለት እጃቸውን ቁምጣ ኪሳቸው ውስጥ እስከ አንጓቸው ከተዋል። አንቲ ሙሪየል ከጎናቸው ዣንጥላ ይዘውላቸዋል። በሩ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ላኩ፣ መለሱ።

«እመቤቴ» አሏት ሚስስ ኦሊፋንትን፣ «ባርኔጣዎ ላይ የወደቀው ከግራ መጣ ከቀኝ?»

«ከላይ ነው የመጣው» አለች ሚስስ ኦሊፋንት።

ቡታ ሴድሪክ ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ክላይቭን አዩት። «የክላይቭ ክዳን አይደለም» አሉ። «ክዳኑ ደህና ተሠርቷል። እንዲያውም እኔ ብሠራው ከዚህ አይበልጥም። ከጎን ያለው ጥላ ሸራ የሚገባበት ሐዲድ ነው፤ ከብሎኖቹ አንዱ ላልቷል።»

ክላይቭ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከቋሊማው ቀን ጀምሮ የያዘው ቂም ያን ጊዜ ሲለቀው አየሁት።

«አሁን አንድ ሰው መሰላል ይውጣ» አሉ ቡታ ሴድሪክ። ክላይቭ ክዳኑን ሊገጥም ከወጣ ወዲህ ጉልበቱ እሺ አይለውም። ግሬሰን ከፍታ ሲያይ ያዞረዋል፤ ይህንንም ሲናገር ነጣ። እኔና ሉሲንዳ ስንተያይ ሚስስ ኦሊፋንት ባርኔጣዋን አውልቃ ዓሣው ጎን አስቀመጠችው። ጫማዋንም አወለቀች።

«ባሌ ከሞተ ወዲህ የቤቴን ጣሪያ የሚወጣው ማን ይመስላችኋል?» አለች። «መዘምራኑ?»

በባዶ እግሯ መሰላሉ ላይ ወጣች። ዝናቡ ያወርደዋል። ቡታ ሴድሪክ ከታች እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደ ከተቱ በአገጫቸው ያመለክታሉ።

«ወደ ቀኝ! ቀኝ! የእርስዎን ቀኝ አይደለም፣ የካራቫኑን!»

«ካራቫን ቀኝ የለውም!»

«አለው እንጂ! ወደ ባሕሩ በኩል! ብሎኖቹን አንድ በአንድ ይንኩ!»

«ይሄ ጠንካራ ነው... ይሄም... ውይ! ይሄ ይንቀጠቀጣል! እንደ ላላ ጥርስ!»

ቡታ ሴድሪክ ዘለሉ። ከደስታቸው ብዛት አንድ እጃቸው ከኪሳቸው ግማሽ ድረስ ወጣ። «እጅህ!» ብለው አንቲ ሙሪየል በዣንጥላው መቱት፤ ተመልሶ ገባ።

«ሲሊኮን ላቀብል?» አለ ክላይቭ።

«በዝናብ ሲሊኮን?» ቡታ ሴድሪክ የተሰደቡ ያህል ደነገጡ። «እርጥብ ላይ የሚለጠፍ ሲሊኮን አለ? ዛሬ ላስቲክ እናልብሰው። ሲደርቅ አሮጌውን ፍቀን፣ ብሎኑን ለውጠን፣ ያኔ እናሽገዋለን።»

ሚስስ ኦሊፋንት ላስቲኩን ጣሪያው ላይ እየጎተተች ሳለ ሚስተር ላቴጋን በዝናብ ልብሳቸው ደረሱ።

«ቡታ ፎርቱይን!»

«እጄ ኪሴ ውስጥ ነው!»

«እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው!» አልን ሁላችንም፣ እንደ መዘምራን።

ሚስተር ላቴጋን ቀና አሉ። ጨዋ ልብስ የለበሰች፣ ጸጉሯ ፊቷ ላይ የተለጠፈ ሴት በባዶ እግሯ ጣሪያችን ላይ ተንበርክካለች። «ይህች ሴት ደግሞ ማን ናት?»

«የልጄ አማት» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያን ቃል የደፈረ አልነበረም።

ላዩ ላይ ያለው ላስቲክ መንቀሳቀሱን አቆመ። ሉሲንዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሰምቻለሁ!» አለች ሚስስ ኦሊፋንት ከላይ። «ገመዱን ወርውሩልኝ!»

ሚስተር ላቴጋን መጀመሪያ ሳሉ፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ በመጨረሻ መሰላሉን ደግፈው ነው የቆሙት። ክልከላውን እዚያው አነሡት። ቅድመ ሁኔታቸው የቅጠል መንፊያዋ ብቻ ናት፤ ቡታ ሴድሪክ በአጠገቧም እንዳያልፉ።

ሰማዩ ሲጠራ ሚስስ ኦሊፋንትና ቡታ ሴድሪክ ሐዲዱን ፈትተው፣ ፍቀው፣ አሽገው ጨረሱት። እየተጨቃጨቁ ነው የሠሩት፤ አንቲ ሙሪየል ደግሞ ከታች ሆነው ለሁለቱም ይመልሱላቸዋል። ሠርጉ ባማረ ሁኔታ አለፈ። ካራቫናችን ደረቀ። ክረምቱ መጣ፣ ማዕበሉ መጣ፣ ባሕሩ እስከ መንገዱ ወጣ። ውስጥ አንዲት ጠብታ አልገባችም።

ከመጨረሻው ማዕበል በኋላ ቡታ ሴድሪክ መጡ። መስኮቱን ዳሰሱ፣ ጥጉን ዳሰሱ፣ ፍራሹን አነሡ። «ደረቅ ነው» አሉ። መርዶ የተነገራቸው ይመስላሉ። ሻይ ብላቸው «ሥራ አለኝ» ብለው ሄዱ። ሥራ እንደሌላቸው ሁለታችንም እናውቃለን። በማግስቱ አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም።

«ምን ሆኑ?» ብዬ አንቲ ሙሪየልን ጠየቅሁ።

«ቁጭ ብሎ የማንቆርቆሪያዬን ጎሚኒ ሲመረምር ይውላል። ልታሳብደኝ ነው ያንቺ ካራቫን!»

ጠዋት ጠዋት ስነቃ ግድግዳው ዝም ነው። እተኛለሁ ስል እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ክላይቭ አየኝና «ናፈቁሽ እንዴ?» አለ።

«እኔ? እሳቸውን? ምን ሲደረግ!»

ክላይቭ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። እኔ አንድ ኩባያ ውሃ ከቧንቧ ቀድቼ ከመታጠቢያው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩት። ግድግዳው ላይም ትንሽ ረጨሁ። እንዲያምር ትራሱን ነካ ነካ አደረግሁት። ከዚያ በሩን ከፍቼ ጮኽኩ።

«ቡታ ሴድሪክ! ኧረ ይድረሱልኝ! ጉድ ሆንኩ!»

አንድ እግር ካልሲ ብቻ አድርገው እየሮጡ መጡ። ያኔ ነው እኔ ሰማዩን ያየሁት። ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ደመና የሚባል የለም። ዝናብ ከጣለ ሰንብቷል፤ ይህን ረስቼዋለሁ።

ቡታ ሴድሪክም ሰማዩን አዩ። መደርደሪያውን አዩ። ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቀመሱ። ከዚያ ዓይናቸው መታጠቢያው ውስጥ ተደፍቶ ጠብ ጠብ የሚል ኩባያ ላይ አረፈ። እኔ በመስኮቱ ባሕሩን ማየት ጀመርኩ።

«ሬጂና» አሉ።

«አቤት፣ ቡታ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አልኩ።

«ጊዜ ይፈልጋል። ምናልባት ሳምንቱን ሙሉ መመላለስ ሊኖርብኝ ነው።»

«ምን ይደረግ እንግዲህ፤ ይመላለሱ።»

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። በበሩ አንገታቸውን አወጡና ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተጣሩ፦ «ሙሪየል! ምሳ እንዳትጠብቂኝ!»